የጥቁሩ ካሴት ዋስ

ከወልቂጤ ወደ ጉብሬ በሚሄድ ባጃጅ ውስጥ ተቀምጬ ነው ያንን ጊታር ድንገት የሰማሁት። ሹፌሩ የልጄ እኩያ ነው፤ ጸጉሩን ግራና ቀኙን ተላጭቶ መሐሉን ያጎፈረ፣ ስልኩን ከመሪው አጠገብ ሰክቶ ሙዚቃ የለቀቀ። መጀመሪያ ልብ አላልኩትም። በዚያ ሰሞን ልቤ ከኔ ጋር አልነበረም፤ ምክንያቱን ወደ ኋላ እነግራችኋለሁ። ከዚያ ጊታሩ ነፋስ እንደሚገነጥለው ቆርቆሮ ጮኸ፣ ድራሙ ተከተለው፣ እኔም ጭኔ ላይ የነበረውን የበርበሬ ከረጢት ጥብቅ አድርጌ ያዝኩ። የዋቤ ልጆች ናቸው። ጥቁሩ ካሴት፣ ሁለተኛው ገጽ፣ የመጀመሪያው ዘፈን። ድራም መቺው አንድ ቦታ ላይ ሲያስል ካሴቱ ላይ ቀርቷል፤ ሳሉ ከመምጣቱ በፊት እኔ አውቀዋለሁ።

«አንተ ልጅ፣ ይሄን ከየት አመጣኸው?» አልኩት።

«ቴሌግራም ላይ አለ ማዘር። የድሮ ነው፤ አያውቁትም።»

«አላውቀውም?»

«ማለቴ፣ የነዚህ ሰዎች ምርጡ ቀዩ ነው ይላሉ። ይሄኛው ጩኸት ይበዛዋል። ለመንገድ ግን አሪፍ ነው።»

«ማነው ቀዩ ምርጥ ነው ያለው?»

«ግሩፑ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ። አንድ ሰውዬማ ‹ጥቁሩን የሚወዱት ሴቶች ናቸው፤ እነሱም የጊታሪስቱን ቁመና አይተው ነው› ብሎ ጽፏል።»

እሱ ሳቀ፣ እኔ አልሳቅኩም። እስከ ጉብሬ ድረስ ስከራከረው ሄድኩ፤ ተሳፋሪ ሲወርድና ሲሳፈር እንኳ አላቆምኩም። ስወርድ «ማዘር፣ እርስዎ ግሩፑ ውስጥ ገብተው ይጻፉ እንጂ እኔን ለምን ይጨርሱኛል?» አለኝ። ይኸው ጻፍኩ። አራተኛ ክፍልን ሳልጨርስ ነው ትምህርት ያቆምኩት፤ ፊደሌ የተንጋደደ ነው፣ ልጄ እያረመች ትስቃለች። ለዚያ ሰውዬ ግን አንድ ነገር ልንገረው፦ ጥቁሩ ካሴት ላይ የሰው ፎቶ የለም። ጥቁር ወረቀት ላይ አንድ ጊታር ነው ያለው። ማንን አይተን ነው የወደድነው?

ያደግኩባት ቡታጅራ ያኔ እንዲህ አልተንጣለለችም። መናኸሪያው ጥግ፣ ክረምት ከበጋ ጭቃው በማይደርቅበት ቦታ፣ የሸምሱ ሙዚቃ ቤት ነበር። ሙዚቃ ቤት ስላችሁ ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ፤ የቆርቆሮ ሱቅ ነው፣ በሩ ላይ ቁምሳጥን የሚያህል እስፒከር ወደ መንገዱ ዞሮ የሚጮህበት። ፊት ለፊቱ ሙስጠፋ ልብስ ሰፊው መኪናውን በረንዳ ላይ አውጥቶ ይሰፋል። እግሩ የሙዚቃውን ምት ስለሚከተል ዘፈኑ የፈጠነ ቀን ስፌቱ ይጣመማል እየተባለ ይቀለድበት ነበር። እኔና እናቴ ከሙስጠፋ በረንዳ ሥር የማረቆ በርበሬ ዘርግተን እንሸጣለን። ጎረምሶቹ ጉልበቱ የነጣ ጂንስና ሸራ ጫማ አድርገው፣ በዚያ ፀሐይ ቆዳ የሚመስል ፕላስቲክ ጃኬት ደርበው፣ ላባቸው እየተንቆረቆረ እስፒከሩ ሥር ይቆማሉ። እኛ ሴቶቹ ትከሻው ስፖንጅ ያለው ኮት ነበር ሕልማችን። ኦርጂናል ካሴት ወይም ሸራ ጫማ፣ ሁለቱን የሚችል ሰው አልነበረም፤ ስለዚህ ጫማው ያማረ ልጅ ካሴት የለውም፣ ካሴት ያለው ልጅ ጣቱ በጫማው ቀዳዳ ይታያል። እኔ ባዶ ካሴት ይዤ ሸምሱ ጋ አስቀዳሁ። ቴፑ የአክስቴ ልጅ የተክሌ ነበር። ባትሪውን ድንጋይ ነበር የምንለው፤ ድንጋዩ ሲደክም ጣሪያ ላይ ፀሐይ እናሞቀዋለን፣ ጨርሶ ሲሞት ደግሞ ዘፋኙ ድምፁ እየወፈረና እየተጎተተ እንደ ሽማግሌ ሲያዜም እንኳ አናጠፋውም። ዛሬ ልጄ ዘፈኑን ሁሉ ኪሷ ውስጥ ይዛ ትዞራለች፤ ግማሽ ሳይደርስ ትዘለዋለች። እኛ ዘፈን መዝለል አናውቅም ነበር። ማሳለፍም ማጠንጠንም ድንጋይ ይጨርሳል፤ የማትወጂውንም ቁጭ ብለሽ ትሰሚያለሽ፣ ስትሰሚው ስትሰሚው ትወጂዋለሽ።

የዋቤ ልጆች አራት ነበሩ። ከዋቤ ወንዝ ማዶ የመጡ፣ አንዳቸው አስተማሪ የነበረ፣ ሌሎቹ ምን እንደነበሩ ማንም የማያውቅ። ሦስት ካሴት አወጡ፤ ስማቸውን ትተን በሽፋናቸው ቀለም ነበር የምንጠራቸው። ቀዩ የመጀመሪያው ነው፦ ጭፈራ፣ ጭብጨባ፣ እግር የማያስቀምጥ የጉራጌ ምት፣ ጊታሩ ከኋላ ትንሽ የሚንጫጫ። ሰማያዊው የፍቅር ነው፤ ቀስ ያለ፣ የሚያስተኛ። ጥቁሩ ሲወጣ ሰው ደነገጠ። ጊታሩ ከፊት መጣ። ዘፋኙ ይጮሃል፤ አንዳንዱ ቦታ ላይ ቃሉ አይሰማም፣ የሰባት ቤት ጉራጌኛ ይሁን የክስታኔ ይሁን አማርኛ ይሁን አይለይም። ሸምሱ ራሱ መጀመሪያ ቀን ሲያጫውተው እስፒከሩ የተበላሸ መስሎት ገመዱን ነቅሎ እንደገና ሰክቶታል። እኔ በርበሬ እየለቀምኩ ነበር፤ እጄን በርበሬው ውስጥ እንደቀበርኩ ቀረሁ። እንዴት ልበላችሁ፣ ሆዴ ውስጥ ያለውን ነገር ሰው ያለ ፈቃዴ አውጥቶ አደባባይ የጮኸው መሰለኝ። እናቴ «ይሄ ደግሞ ምን ሆኖ ነው የሚያለቅሰው?» አለች። እያለቀሰ አልነበረም። እምቢ እያለ ነበር።

መስቀል ሲደርስ የጉራጌ ልጅ የትም ይሁን የት ይገባል። አዲስ አበባ ሱቅ ያለውም፣ ጫማ የሚጠርገውም፣ ሁሉም ወደ አባቱ ደጅ። እኛም ከቡታጅራ ወጣ ወዳለው የአያቴ መንደር እንሄዳለን። የካሴቱ ጠብ የሚነሳው ያኔ ነበር፣ የሚነሳበትም ምክንያት ገርሞኝ አያልቅም። ከአዲስ አበባ የመጡት በሙሉ የቀዩ ወገን ናቸው፤ ዓመቱን ሙሉ መርካቶ ሲጯጯሁ ከርመው የአገራቸውን ምት ነው የሚፈልጉት። መንደር የቀረነው ደግሞ የጥቁሩ ነን። ዝምታውን ዓመቱን ሙሉ ጠጥተነዋል፤ የሚጮህልን ፈለግን። ሰማያዊውን የሚወድ አንድ ሰው ብቻ ነበር፣ እሱም እንግዳ ሆኖ የመጣው ሙስጠፋ ልብስ ሰፊው። የማንም ወገን ስላልሆነ ዳኛ አደረግነው።

ዳኛ ስላችሁ እውነተኛ ሸንጎ ነው። ጀፎረ ላይ ተቀመጥን። ጀፎረ በቤቶቹ መሐል የሚዘረጋው ሰፊ ሣር ነው፤ መንገድም ነው፣ ከብትም ይውልበታል፣ ለቅሶውም ሠርጉም እርቁም እዚያው ነው፤ የመንደሩ ሁሉ እንጂ የማንም አይደለም። ቀዮች በአንድ በኩል፣ ጥቁሮች በሌላ በኩል ተደረደርን፣ ልክ አባቶቻችን የመሬት ነገር ሲሰሙ እንደሚቀመጡት። ተናጋሪ ይቆማል፣ ሌላው አያቋርጥም። ሁለቱንም ገጽ እስከ መጨረሻው ያልሰማ ሰው አፉን አይከፍትም። ከሁሉ በፊት ደግሞ ዋስ ይጠራል፦ ፍርዱን እምቢ ብል በኔ ፋንታ እገሌ ይጠየቅ ማለት ነው። እኔ ለመናገር ስነሳ ከቀዮች አንዱ ወፍራም ነጋዴ «እቴ ሽታዬ፣ ሴት በሸንጎ በወንድ አፍ ነው የምትናገረው። ተክሌ ይናገርልሽ» አለኝ። ተክሌን ጆሮው ሥር ሆኜ ነገርኩት። እሱ ተነስቶ «ጥቁሩ ጥሩ ነው ትላለች፤ ጊታሩ ደስ ይላል ትላለች» አለ።

«እንደዚያ አላልኩም» አልኩና ተነሳሁ። «ቀዩ የምታውቁትን ነው የሚነግራችሁ። ጨፍራችሁ ትመለሳላችሁ። ጥቁሩ ግን እዚህ ቀርቶ ላረረው ሰው ነው የሚናገረው። አልገባንም ካላችሁ ለናንተ ስላልተዘፈነ ነው።»

«ቃሉ ሳይሰማ ምኑ ይነግርሻል?» አለ ነጋዴው።

«አንተ እናትህ ስታለቅስ ቃሏ ይሰማሃል?»

ሳቅ ሆነ። ሙስጠፋ ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ብዙ አሰበና ፈረደ፦ ቀዩ የበዓል ነው፣ ጥቁሩ የአዘቦት ነው፤ ስለዚህ እስከ በዓሉ መጨረሻ ጥቁሩ እንዳይከፈት። «ሰማያዊውስ?» አለው ተክሌ። «ሰማያዊው የኔ ነው፤ አትንኩት» አለ ሙስጠፋ። እኔ ፍርዱን አልተቀበልኩም። ፀሐይ ሳትጠልቅ ጥቁሩን ጀፎረው መሐል ድምፁን ከፍ አድርጌ ለቀቅኩት። ዋሴ ተክሌ ነበርና ቅጣቱ በሱ ላይ ወደቀ፤ መስቀልን ሙሉ ለቀዮቹ ቤት እንጨት ፈለጠ። በእያንዳንዱ ፍልጥ ስሜን እየጠራ ይሰድበኛል፣ ከዚያ «እስቲ ክፈችው፣ ክንዴ ዛለ» ይለኛል። እከፍትለታለሁ።

በኋላ ወልቂጤ አገባሁ። ባሌ የቸሃ ሰው፣ በርበሬ ሊገዛኝ መጥቶ የተዋወቅን፣ ክፋቱ ግን የቀዩ ወገን። እስኪሞት ድረስ ተከራከርን። ጥቁሩን ስከፍት በሩን ዘግቶ ይወጣል፣ ውጭ ቆሞ ግን እስኪያልቅ ይጠብቃል። የዋቤ ልጆች ተበታተኑ፤ አንዱ ዓረብ አገር ነው ይባላል፣ አንዱ መዝሙር ዘማሪ ሆኗል፣ ካሴቱ ላይ ያሳለው ድራም መቺ አርፏል አሉ። ሙዚቃ ቤቱ የሞባይል ማስጠገኛ ሆነ። እኔም ልጅ ሳሳድግ፣ በርበሬ ስሸጥ፣ ፈሪ ሆንኩ። ፍርሃት እንዴት እንደገባብኝ አላውቅም። መንገድ የሚዘጋበት፣ ባጃጅ የማይወጣበት፣ ሱቅ በቀትር የሚቆለፍበት ቀን እየበዛ ሲሄድ ነው መሰለኝ። ስልክ ሲጠራ እደነግጣለሁ፤ ሳይጠራም እደነግጣለሁ።

ባጃጅ ውስጥ ልቤ ከኔ ጋር አልነበረም ያልኳችሁ ለዚህ ነው። አንዷ ልጄ ምሕረት ጉብሬ ዩኒቨርሲቲ ትማራለች። ከጓደኞቿ ጋር ባንድ አቋቁማ ጊታር ትመታለች። የሚያንገበግበውን፣ በኤሌክትሪክ ገመድ የሚሰካውን ጊታር። ይሄን የነገረችኝ እሷ አይደለችም፤ የሷ ቪዲዮ ስልክ ለስልክ ዞሮ ገበያ ላይ ደረሰኝ። ጸጉሯን በትና፣ ዓይኗን ጨፍና፣ ጎንበስ ብላ ስትመታ። ከሥሩ ሰው የጻፈውን እንዳላነበው አጠገቤ የነበረችው ሌላዋ ልጄ ስልኩን ነጠቀችኝ፣ ግን አንብቤ ነበር። ፊደል መቁጠር ለክፉ ቃልም ይበቃል። ያን ቀን ወደ ጉብሬ የሄድኩት ተይው ልላት ነበር። ባጃጁ ውስጥ ያንን ጊታር ባልሰማ ኖሮ እላት ነበር። ስደርስ ግን «በልተሻል?» ብቻ ብያት ተመለስኩ።

በሳምንቱ የባሌ ታላቅ ወንድም ጋሼ ወልዴ ከአዲስ አበባ መጣ። ሱቅ ያለው፣ የቸሃውን የአባታቸውን ግቢ የያዘ፣ በቤተሰቡ ውስጥ ቃሉ የማይመለስ ሰው ነው። ብቻውን አልመጣም፤ አባባ ሳህሌን ይዞ ነው፣ በአገሩ ነገር የሚሰሙ ሽማግሌ። ምሕረትን አስጠሩና ከመጋረጃ ወዲያ አስቀመጧት። እኔ ነጠላዬን አጣፍቼ ፊት ለፊታቸው ተቀመጥኩ።

«ነገሩ ረዥም አይደለም ሽታዬ» አለ ጋሼ ወልዴ። «ልጅቷ የወንድሜ ደም ናት። ስሟ በየስልኩ ዞረ። ነገ ይዣት እሄዳለሁ። ሱቅ ትቀመጣለች፣ በማታ ትማራለች። ጊታር የሚባል ነገር አበቃ። ወንድሜ ቢኖር ይሄን አያይም ነበር።»

«ወንድምህ ጩኸት አይወድም ነበር» አልኩ። «ግን አንድ ቀን አጥፊው ብሎኝ አያውቅም። በር ላይ ቆሞ ይጠብቀኝ ነበር።»

«ዛሬ ጊዜው ሌላ ነው። አትፈሪም?»

«እፈራለሁ ጋሼ። ካንተ ይልቅ እኔ እፈራለሁ። አንተ ስሟ ይጠፋል ብለህ ነው የምትፈራው፣ እኔ እሷ ትጠፋለች ብዬ ነው። ሌሊት እየተነሳሁ እደውልላታለሁ። ግን ሱቅ ውስጥ ብትቆልፋት ከዚያ የምትወጣው ልጅ ማን እንደምትሆን አላውቅም። ይሄኛዋን አውቃታለሁ።»

«አባባ፣ ይስሙ እንግዲህ» አለ ወደ ሽማግሌው ዞሮ።

አባባ ሳህሌ ከዘራቸውን በሁለት እጃቸው እንደያዙ «ነገሩ ገብቶኛል» አሉ። «ልጅቷ ትቆይ ትያለሽ። ትጫወት ትያለሽ። መልካም። ብትወድቅ፣ ብትሰበር፣ ነውር ቢመጣ፣ ማን ይጠየቃል? ዋስ ጥሪ።»

«እኔ ነኝ።»

«አንቺማ እናቷ ነሽ። ዋስ ወንድ ነው። ወንድም የለሽም? የአክስት ልጅ የለሽም?»

«ተክሌ አለ። ተክሌ በኔ ፋንታ እንጨት ፈልጦ ያውቃል፤ አሁን ወገቡን ያመዋል። ሌላ ሰው አልጠራም። ዋሷ እኔ ነኝ።»

«ሴት ዋስ ስትሆን አላየሁም።»

«ዕድሜ ይስጥዎት አባባ፤ ለማየት ደረሱ።»

ከመጋረጃው ወዲያ ምሕረት ሳቋን ስታፍን ሰማሁ። ጋሼ ወልዴም ሰማ፣ ፊቱ ተለዋወጠ። ሽማግሌው ግን ከዘራቸውን አገላብጠው፣ «ወልዴ፣ አልወድም ማለት ትችላለህ» አሉ። «ዋስ የለም ማለት ግን አትችልም። ዋስ ቀርቧል።» ጋሼ ወልዴ ተነሳ። ያቀረብኩለትን ክትፎ አልነካውም፣ ይሄ በኛ ዘንድ ከዚህ ቤት ጋር ተጣልቻለሁ ማለት ነው። በሩ ላይ ሲደርስ ሳይዞር «መስቀል ላይ በአባቴ ግቢ እንዳላያችሁ» አለ። ልጅቷን ግን ሳይወስድ ሄደ።

ምሕረት መጋረጃውን ገልጣ ወጣች። «እማ፣ አሁን አጥፍቼ ብገኝ እንጨት ልትፈልጪ ነው?»

«ምሳሩን የምትስይልኝ አንቺ ነሽ» አልኳት። «ክትፎውን ብዪ፣ ይበላሻል።»

ቅዳሜ ጉብሬ አንድ አዳራሽ ውስጥ ተጫወቱ። ነጠላዬን ተከናንቤ ከኋላ ፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ልጄ መድረክ ላይ ስትወጣ አንዱ ጎረምሳ ከኋላዬ «እሷ ጊታሩን ትተወውና ጎመን ትክተፍ» ሲል ዞሬ «ጎመኑንም ትከትፋለች፤ ዝም ብለህ ስማ፣ ሲያልቅ ትናገራለህ» አልኩት። አየኝና ወንበሩን ወደ ኋላ ሳበ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ በየበሩ የገባውን የወጣውን ስቆጥር የመጀመሪያውን ዘፈን በቅጡ አልሰማሁትም። ሁለተኛው ላይ ግን ልጄ አጎነበሰችና ጊታሯን አስጮኸችው፣ ዓይኔ በሩን ተወ። ያን ሆዴን የከፈተውን ነገር ሌላ ሰው ዳግም ሲያደርገው አየሁ፤ ያውም ያ ሰው ከዚያው ሆድ የወጣ። ሦስተኛው አልጣመኝም፤ ፈጥናለች። በሚኒባስ ስንመለስ ነገርኳት።

«እማ፣ ምርጡ እሱ ነበር እኮ። ሰው ሁሉ የተነሳው በሦስተኛው ነው።»

«ሰው የተነሳው ሊሄድ ነው። ሁለተኛው ነው የሚሻለው።»

«አንቺ የድሮ ሰው ስለሆንሽ ነው።»

«የድሮ ሰው ብሆን ቀዩን እወድ ነበር።»

ወልቂጤ እስክንደርስ ተጨቃጨቅን። ከፊታችን የተቀመጡት ሰውዬ ዞር ብለው «ኧረ ሁለታችሁም ተውን፣ ራሳችን ፈረሰ» አሉን። አልተውናቸውም።

ጎረቤት ስለ መስቀል ይጠይቀኛል፤ ወልቂጤ ነው የምትውሉት ይለኛል፣ እያዘነልኝ። አይደለም። ቸሃ እንሄዳለን። ክትፎዬን ከቤቴ ሠርቼ፣ ቆጮዬን ጠቅልዬ፣ ልጄን ከነጊታሯ ይዤ እሄዳለሁ። ጋሼ ወልዴ ግቢውን ቢቆልፍ መብቱ ነው፤ የአባቱ ነው። እኛ ከደጁ ፊት ለፊት ጀፎረው ላይ ጨርቅ ዘርግተን እንቀመጣለን፤ የሚበላ ይበላል፣ የሚሰማ ይሰማል። ከአሁኑ ሳስበው እፈራለሁ፣ አልዋሽም። ግን ጀፎረ በር የለውም።